የቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ዕቁብ

የምቀናባት ጓደኛ አለችኝ። ጠላቴ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ በጠላቱ የቀና ሰው ጠልቶ ይገላገላል። እሷ ግን ቤቷ አስገብታ፣ ከፍራሿ ግማሹን ሰጥታ፣ የራሷን ሻምፑ «ሻምፑአችን» ብላ የምትጠራ ሰው ናት። እንደዚህ አይነት ሰው ላይ መቅናት ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

ያደግነው ቡታጅራ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው የአባቷ ነው። አባቷ ከእንሴኖ ገበያ በርበሬ ሰብስበው አዲስ አበባ የሚያወርዱ ነጋዴ ናቸው። የኔ አባት ደግሞ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። የጓሮውን ሁለት ክፍል «ለጊዜው» ብሎ ተከራየ፤ እሱ ለጊዜው እንዳለ እኔ ተወለድኩ፣ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ከዩኒቨርሲቲም ተመረቅኩ። ማንም አንድ ቀን ተከራይ ብሎን አያውቅም። ፋሲካ ሲሆን ከእኛ ቤት ዳቦ፣ ዒድ ሲሆን ከእነሱ ቤት ብስኩት ይሻገራል። ግን ልጆች ሆነን ስንጣላ «ከግቢያችን ውጪልኝ» ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች። አንድም ቀን አላለችም። እኔ ብሆን እል ነበር። ይሄ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

ድምፃችን አንድ ነው። መልካችን አይገናኝም፣ ድምፃችን ግን ቁርጥ አንድ። እናቷ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚሉት «አሰላሙ አለይኩም፣ ማንኛችሁ ናችሁ?» ነው። እኔ ነኝ የእነሱን ቤት ቃና ይዤ የቀረሁት። አባቴ «ይቺ ልጅ ጓሮ ተወልዳ ፊት ለፊት ቤት ነው አፏን የፈታችው» እያለ ይስቃል፤ ሳቁ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ አለች።

ተመርቀን በተመለስን በዛው ክረምት ወልቂጤ ያለ አንድ የዞን መሥሪያ ቤት ለአንድ ቦታ ማስታወቂያ አወጣ። ሁለታችንም ሄደን ተፈተንን። ውጤቱ ሲለጠፍ እሷ አንደኛ ናት። ከእሷ ስር እኔ አለሁ፤ ከስሜ ፊት ለፊት «ተጠባባቂ» ተብሎ ተጽፏል። ተጠባባቂ ማለት እሷ ብትሞት ወይ አግብታ ብትሄድ ወይ ብታብድ እኔ እገባለሁ ማለት ነው። ሰሌዳው ስር አቅፋኝ «አይዞሽ፣ ሌላ ይወጣል» ስትለኝ፣ ጀርባዋን እየዳበስኩ ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀል አሰብኩ። ማግባት ይቀላል አልኩ። ያን ያህል ክፉ አይደለሁም።

ቀበሌ ሄጄ ስመዘገብ «ተደራጂ» አሉኝ። አምስት ሆናችሁ ተደራጁና ኮብልስቶን ጥረቡ። እኔ የተመረቅኩት በእጽዋት ሳይንስ ነው። «ድንጋይ ደግሞ አይበቅልም» አልኩት ሰውየውን። እሱም አልተናደደም፤ ፎርሙን እየሞላ «አንቺ መጀመሪያ አመለካከትሽ ላይ መሥራት አለብሽ» አለኝ።

እንደዛ ሆኖ ነው ወልቂጤ ሄጄ እሷ ጋ የገባሁት። የዞኑ ማስታወቂያ ሁሉ የሚለጠፈው እዛ ነው፤ ከቡታጅራ ደግሞ ተራራው መሀል ስላለ መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ተመላልሶ አይቻልም። አንድ ክፍል ቤት ናት፤ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ልብስ የሚንጠለጠልበት ገመድ። እንደገና የእሷ ተከራይ ሆንኩ፣ ያውም ኪራይ የማትቀበል ሰው። ጠዋት መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትወጣለች፤ ሰማያዊ ገመድ አለው፣ ፎቶዋ ላይ ማህተም አለ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በአንድ ዓይኔ አያለሁ። ከዛ ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ ሰሌዳ ልጠብቅ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ «ሞላሁልሽ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ፎርም። ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ቢሮ አየሁት። አዲስ ለተመረቁ ልጆች በስልክ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ። ለሦስት ወር፣ በሳምንት አንድ ሰዓት። በነጻ ነው።»

«አብጃለሁ ነው የምትይኝ?»

«ወላሂ እንደዛ አላልኩም።» ቦርሳዋን አስቀመጠችና «ግን ትናንት ሳሙናው ቀጠነ ብለሽ አልቅሰሻል እኮ» አለች።

አልቅሻለሁ። ሳሙናው ቀጥኖ ከእጄ እያመለጠ አስቸገረኝ፣ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስም መስጠት ግዴታ አልነበረም፤ በቁጥር ነው የመዘገቡኝ። ቀኑ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ በኔ ስልክ። ብቻሽን የምትሆኚበት ቦታ ምረጪ የሚል መልእክት ላኩ። አከራያችን በግቢው ውስጥ የሚያመልጣቸው ነገር ስለሌለ የመጀመሪያው ቅዳሜ በር ላይ ቆመው ጠየቁኝ።

«ማን ነው የሚደውልልሽ? ወንድ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ ክሊኒካል ሶሻል ወርከር ናት።»

«ሶሻል ወርከር?» ፊታቸው በራ። «ያቺ ለሴፍቲኔት የምትመዘግበዋ? በይ እኔንም አስመዝግቢኝ!»

እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቸው ብዙ አልሻልም ነበር። ሶሻል ወርከር ሲባል ቤት ለቤት እየዞረ መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው የሚታየኝ፤ ቁጭ ብሎ የሰው ጭንቀት የሚያዳምጥም እንዳለ አላውቅም ነበር። ሲደወል በቪድዮ ነበር። አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ መነጽር፣ ከኋላዋ መጋረጃ፤ ወዲያው ኔትወርኩ ተቆራረጠና አንድ ዓይኗን ጨፍና አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። እየሳቅኩ ስልኩን ዘጋሁት። እንደገና ስትደውል «ችግር የለም፣ በድምፅ እናድርገው» አለች። ከዛ በኋላ ሁሌም በድምፅ ሆነ። «እርስዎ» ስላት «አንቺ በዪኝ» አለችኝ።

«እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪኝ።»

«በጠንካራ ጎን ልጀምር በደካማ?»

ሳቋ ረጅም ነበር። «ግምገማ አይደለም እኮ። ከፈለግሽው ጀምሪ።»

ጀመርኩ። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ተጠባባቂነቱ፣ ስለ ጓደኛዬ። እሷ እንደሌላው ሰው «መቅናት ነውር ነው» አላለችም። «ከእሷ ነገር አንዱን ብቻ ውሰጂ ቢሉሽ ምኗን ትወስጂ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ደሞዟን የምል መስሎኝ ነበር። «መታወቂያዋን» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ ከቧንቧ እስከ ቤት የተሸከምኩትን ጀሪካን ያወረድኩ ያህል ቀለለኝ።

ደስታዬን ደግሞ መያዝ አልችልም። ጓደኛዬ ከገበያ ስትገባ ያቺን ሴትዮ አሞግሼ አልጠግብ አልኩ፤ እንዴት እንደምታዳምጥ፣ እንዴት እንደማትቸኩል። እሷ ሽንኩርቱን ከፌስታል እያወጣች «እኔም እኮ ፈልጌ ነበር» አለች።

«አንቺ?»

«የቀረው ቦታ አንድ ነበር። ያንቺን ሞላሁ።»

ምስጋና አልመጣልኝም። ምን ጎድሎባት ነው? ሥራ አላት፣ ቤት አላት፣ እናቷ በየሳምንቱ ቆጮ ጠቅልለው ይልኩላታል። አሁን ደግሞ ችግርም እንዲኖራት ፈለገች? ግን ቦታውን ለኔ እንደለቀቀች ካወቅኩ በኋላ ብቻዬን ልጠቀምበት አልቻልኩም፤ ሌላ ባለውለታነት መሸከም አልፈለግኩም። «በቃ ተራ እናድርገው» አልኳት። «እንደ ዕቁብ። አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት አንቺ።»

ዕቁብ ለእኛ ጨዋታችን ነው። እናቷ የገበያ ሴቶች ዕቁብ ዳኛ ናቸው፤ የልጅ እጅ አያዳላም ተብሎ ከሳጥኑ ዕጣ የምናወጣው ሁለታችን ነበርን። ያን ቀንም ሁለት ወረቀት ጠቅልለን ስኒ ውስጥ ጨመርን። የሰው ሰዓት፣ የሰው ምስጢር እንዴት በዕጣ ይከፈላል ብሎ ያሰበ የለም። ባለሙያዋን መንገር እንዳለብን ትዝ አላለንም ብል ግን ውሸት ነው። ትዝ ብሎናል። ሰዓቱን ትወስድብናለች ብለን ፈራን። ድምፃችን አንድ ስለሆነ አታውቅም፤ አንድ ሰው ሆነን እንቀርባለን። ክሩ እንዳይበጠስ ደግሞ የገባችው ስትወጣ ያወራችውን ለሌላኛዋ ትነግራለች። ስምምነቱ ይሄ ነበር።

ሁለተኛው ቅዳሜ ለእሷ ወጣ። እኔ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ዝም ዝም ነበር። ከዛ ስትስቅ ሰማኋት፤ እኔ ጋ ስትስቅ የማትስቀውን ሳቅ፣ ከሆድ። በኔ ቀን አልሳቅኩም። በኔ ቀን ሰዓቱ ልክ አስር ሲል «ለዛሬ እዚህ ላይ እናቁም» ተባልኩ፤ እሷ አስር ሰዓት ከአስራ አንድ ደቂቃ አለፈች። ቆጥሬያለሁ።

«ምን አወራችሁ?» አልኳት ስትወጣ።

«ስለ እንቅልፍ።»

ስለ እንቅልፍ ሰው እንደዛ ይስቃል?

በሦስተኛው ቅዳሜ ስልኩን እንዳነሳሁ ባለሙያዋ «እንደገና እንኳን ደስ አለሽ!» አለችኝ። «ሳምንቱ እንዴት አለፈ? ቢሮው እንዴት ነው?»

ምንም አልገባኝም። «የቱ ቢሮ?» ልል ነበር። ከዛ ገባኝ። ጓደኛዬ ስለ መሥሪያ ቤቷ ማውራት ፈልጋ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ እኔ ሥራ የለኝም ብዬ ስለነበር፣ «ሥራ አገኘሁ» ብላታለች። እኔን ቀጥራኛለች፣ ሳትነግረኝ። እዛው ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን ከተመረቅኩ ጀምሮ እንኳን ደስ አለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ቃሉ ጣፈጠኝ።

«ቢሮው ደህና ነው» አልኩ። ከዛ ለመድኩት። በመስኮት በኩል ጠረጴዛ እንደሰጡኝ ነገርኳት። አራት ሰዓት ላይ ሻይ እንደምንወጣ ነገርኳት። ረቡዕ በነበረው ግምገማ ላይ አንዱ ሊናገረኝ ሲል አፉን እንዳዘጋሁት ነገርኳት።

«እንዴ! ባለፈው 'ስብሰባ ላይ አፌ ይታሰራል፣ ዝም ስል ኩሩ ናት ይሉኛል፣ ሽንት ቤት ገብቼ ነው የማለቅሰው' ብለሽኝ አልነበር?»

«በዚህ ሳምንት ተፈታ።»

«ጎበዝ!»

ጎበዟን ተቀበልኩ። የማን እንደሆነች አልጠየቅኩም። ሽንት ቤት ገብቶ ስለሚለቀስበት ነገር አንድ ደቂቃ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም፣ ሌላ ጥያቄ መጣ።

«አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል» አለች ባለሙያዋ። «በመጀመሪያው ቀን ሥራ ያላት ጓደኛሽ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ግን 'ጓደኛዬ ሥራ ፈትታ ቤት ናት፣ እንዳይከፋት መታወቂያዬን በር ላይ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ' አልሽኝ። ቅቤና ሽሮም ገዝተሽ ስትገቢ 'ከቡታጅራ የተላከ ነው' ትያታለሽ። በልቤ ነው የያዝኩት፣ ምን ያህል ብትወጃት ነው ብዬ።»

ያ ሁሉ ቅቤ። ያ ሁሉ ሽሮ። እናቷ እየላኩ ነው ብዬ እኮ ነበር ሳልሳቀቅ ስበላ የከረምኩት። መታወቂያውም ማታ ማታ አንገቷ ላይ እንደማይኖር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። በር ላይ ቆማ፣ እኔ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ፣ እሷ እንደ ሌባ ቀስ ብላ ስታወልቀው ታየኝ። አዝናልኛለች። የምቀናባት ሰው ለኔ ስታዝንልኝ ከምታፌዝብኝ በላይ አቃጠለኝ።

«ጓደኛዬ ሥራ ነበራት» አልኩ። «ኮንትራቷ አለቀና አባረሯት።»

«ውይ! እንዴት ሆነች ታዲያ?»

«ይሻላታል። ኩራቷ ትንሽ ይበርዳል።»

ባለሙያዋ ቀስ ብላ «ኩራቷ ይበርዳል...» ብላ ደገመችው። ስትጽፍ የእስክሪብቶው ድምፅ የተሰማኝ መሰለኝ።

ጓደኛዬ ስትገባ «ምን አወራችሁ?» አለችኝ።

«ስለ እንቅልፍ» አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። ወደ ድስቱ ዞረች።

አራተኛው ቅዳሜ የእሷ ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ሳቅ ጠበቅኩ። ሳቅ የለም። ሰዓቱ ሳይሞላ ወጣች። «ኔትወርኩ ተቋረጠ» አለች፤ ሳፋ አወጣችና ጠዋት የታጠበ ልብስ እንደገና ማጠብ ጀመረች። አከራያችን «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ንጹህ ነው» ቢሏት «አሁንም ይሸታል እትዬ» አለች። እኔ ምን ብዬ አሰብኩ? ተጣልተው ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ።

በዛ ሳምንት ሰኞ መታወቂያዋን እንዳንጠለጠለች ገባች። አወለቀችውና ፍራሹ አጠገብ፣ እኔ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ማክሰኞም እንደዛ። ረቡዕም። ፎቶዋ ከነማህተሙ ቀና ብሎ ያየኛል። በቃ አበጠች አልኩ በሆዴ። ከበደኝ፣ ግን አልተናገርኩም፤ የእሷ ቤት ነው።

አምስተኛው ቅዳሜ መጣ። ባለሙያዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ባለፈው ሳምንት ዘግተሽብኝ ስትሄጂ አሳስበሽኝ ነው የሰነበትኩት።»

«ምን ብዬ ነበር የዘጋሁት?»

«አታስታውሺውም? ጓደኛሽ ሥራዋን ካጣች ወዲህ እንዴት ናት ብዬ ጠየቅኩሽ። ከዛ 'ማነው እንደዛ ያለሽ?' አልሽኝ። አንቺው ነሽ ስልሽ 'ኮንትራቷ አልቆ ተባረረች ብያለሁ? ሌላስ ምን ብያለሁ?' አልሽ። ኩራቷ ይበርዳል ያልሽውን ደገምኩልሽ። አለቀስሽ። 'ስናገረው ደስ ብሎኝ ነበር?' ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥያቄው አልገባኝም። አዎ፣ ትንሽ ደስ ያለሽ ይመስል ነበር አልኩሽ። ያኔ ነው የዘጋሽው።»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ወደ ውጪ አየሁ። ጓደኛዬ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ የኔን ሸራ ጫማ በብሩሽ እየፈተገች ነው። ሰኞ ሌላ ቦታ ፈተና ነበረኝ። ያንን ሁሉ ሰምታ፣ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ ጫማዬን ታጥባለች።

ማፈር ነበረብኝ። አፈርኩም። ግን ከማፈሩ በፊት የመጣው ንዴት ነበር፤ በደግነትም ትበልጠኝ? እዚህ ላይ እንኳን አንደኛና ተጠባባቂ? ስልኩን እንደያዝኩ በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«ያንን ጫማ አስቀምጪው!»

ቀና ብላ አየችኝ። እጇ ላይ አረፋ አለ።

«ሰምተሻል» አልኳት። «ሳምንቱን ሙሉ ሰምተሽ ዝም አልሽኝ።»

«አዎ ሰምቻለሁ።»

«እና ጫማ ታጥቢልኛለሽ? ምን አይነት ሰው ነሽ አንቺ? ለምን አትሰድቢኝም?»

«የተናገርሽውን ሲሻልሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። ከፍ ሲል ደግሞ የራሴን ድምፅ ነው የምሰማው። «ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩሽ! ማታ ማታ 'አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች' እያልኩ!»

«አንቺስ? ሥራ አገኘሁ ብለሻት ለኔ አልነገርሽኝም! አዝነሽልኝ፣ መታወቂያ ደብቀሽልኝ፣ ቅቤ ዋሽተሽልኝ...»

«ቅቤ ዋሽቼ!» ተነሳች። ጫማው ከጭኗ ወደቀ። «ወላሂ ቅቤውን በላሽው ወይስ አልበላሽውም? በዚህ ሳምንት መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ የገባሁት አውቄ ነው፣ ገባሽ? እንድታዪው ነው! ሆድሽን ይቁረጥሽ ብዬ ነው! ቢሮ ይንቁኛል፣ ቤት ስገባ አንቺ ፊትሽን ታዞሪብኛለሽ፣ የት ልግባ እኔ? ከተባረርኩ ደስ ይልሻል አይደል? ውጪልኝ! ከቤቴ ውጪልኝ!»

አከራያችን በራቸው ላይ ማበጠሪያ እንደያዙ ቆመዋል።

ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። ቡታጅራ ስንጣላ፣ አሻንጉሊቷን ስሰብርባት፣ ደብተሯን ውሃ ውስጥ ስጥልባት፣ ሁሌም ትመጣለች ብዬ ጠብቄ ያልመጣችው። መጣች። የሚገርመው አልከፋኝም። ሳቄ መጣ፤ አፌን በእጄ ያዝኩት፣ አልቆም አለ።

«ምን ያስቅሻል?»

«በመጨረሻ አልሽው» አልኳት። «አልሽው እኮ!»

«ውጪ አልኩሽ!»

ወጣሁ። በባዶ እግሬ እስከ ውጪው በር ሄድኩ። ከኋላዬ አንዱ ጫማ እየበረረ መጥቶ በሩን መታው፣ ውሃው ጀርባዬ ላይ ተረጨ። «ጫማሽንም ውሰጂ!» ሁለተኛው ቆርቆሮው ላይ ነው ያረፈው። አከራያችን «ኧረ ጣሪያዬን!» አሉ።

ያኔ ነው ከእጄ ውስጥ ትንሽ ድምፅ የሰማሁት።

«ሃሎ? ሃሎ... እዛ አላችሁ? ሁለት ናችሁ እንዴ?»

ስልኩን አልዘጋሁትም ነበር።

ጓደኛዬ አረፋውን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ መጣች። ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ስልኩን መሀላችን አድርገን ድምፁን ከፈትነው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ፤ ስለ ፎርሙ፣ ስለ ስኒውና ስለ ሁለቱ ወረቀቶች፣ በውሸት ሥራ ላይ ስለ መዋሌ፣ እሷን ስለ ማባረሬ። አልሸፋፈንኩም። ስጨርስ የባለሙያዋ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማን።

«እኔኮ አንቺን አንድ ሳምንት የምትናደድ፣ አንድ ሳምንት የምታለቅስ ሰው አድርጌ ማስታወሻ ስጽፍልሽ ነበር» አለች። «ዕቁብ አረጋችሁኝ?»

ጓደኛዬ ፍርስ ብላ ሳቀች፣ ያንን የሆድ ሳቅ። ባለሙያዋም ሳቀች። እኔ ሳቁ ውስጥ ዘግይቼ ነው የገባሁት።

ከዛ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። ያጠፋነው ቀላል እንዳልሆነ ነገረችን። የአንዳችንን ምስጢር ለሌላችን በራሷ አፍ እንድታወጣ አድርገናታል፤ እንደዛ መሥራት አትችልም። ከአሁን በኋላ ሰዓቱ የአንድ ሰው ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ንገሩኝ አለች።

«የእሷ ነው» አለች ጓደኛዬ ወዲያው። «የሞላሁት የእሷን ነው። እኔን ተጠባባቂ አድርጊኝ።»

ተጠባባቂ። አውቃ ትበለው ሳታውቅ እስካሁን አልጠየቅኳትም። ፊቷን አየሁት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ሽንት ቤት ገብታ የምታለቅሰው እሷ ናት። በዚያች ደቂቃ «አይ፣ ቅድሚያ ለእሷ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። «እሺ» አልኩ። ፈለግኩት፣ በቃ። ባለሙያዋ ለጓደኛዬ ቦታ ሲገኝ ሌላ ባለሙያ እንደምትደውልላት፣ እስከዛ ግን ቢሮው ሲከብዳት የምትደውልለት ሰው እንዳለ ነግራት ተሰናበተች።

ከቤት ውጪ የነበርኩት እስከዛች ሰዓት ብቻ ነው። ጫማዬን ለቅሜ ገባሁ። ማታ ሽሮውን እሷ ሠራች፣ እኔ ቅቤውን ጨመርኩ። «የት የተገዛ ነው?» አልኳት። «እዚሁ ወልቂጤ፣ በደሞዜ» አለች። ስትናገረው ትንሽ ቀና አለች። መዶሻ ተውሼ በሩ አጠገብ ምስማር መታሁ፤ መታወቂያዋን እዛ ላይ አንጠለጠልኩት። ጠዋት ጠዋት ስነቃ አሁንም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አሁንም ይቆረቁረኛል። ግን በር ላይ ተደብቆ የሚያወልቀው ሰው የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጓደኛዬ ነጭ ሽንኩርት በሰፌድ ይዛ ወጣች። ብቻዬን እንድሆን ነው። በሩን ዘጋሁት። ስልኩ ጠራ።

«ዛሬ ማን ናት?» አለች ባለሙያዋ።

«እኔ ነኝ። ሥራ የሌለኝ።»

«እሺ። እንዴት ነሽ?»

ልመልስ ስል ከውጪ ሳቅ ሰማሁ። አከራያችን «እስቲ ያቺን ጫማ እንዴት ነበር የወረወርሽው? አሳዪኝ እስቲ!» ይላሉ። ጓደኛዬ ታሳያቸዋለች መሰለኝ፤ ሽንኩርቱ ሲበተን ይሰማል፣ ሁለቱም ይንከተከታሉ። የሆድ ሳቋ ነው። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አከራያችንን እንኳን የራሷ አድርጋቸዋለች። እኔን እኚህ ሴትዮ እስካሁን ስለ ሴፍቲኔት ብቻ ነው የሚያናግሩኝ።

«አለሽ?» አለች ባለሙያዋ።

«አለሁ» አልኩ። «ዛሬም ቀንቻለሁ።»

«በማን?»

«ውጪ በምትስቀዋ።»

«ምን አድርጋሽ?»

አሰብኩ። በሩ ስር ጥላዋ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የተበተነውን ሽንኩርት እየለቀመች ነው።

«ምንም» አልኩ። «ምንም አላረገችኝም። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»